የባሕር ውሃ አኳሪየም ሲተን፦ የጎደለውን ውሃ እንዴት እንተካ?

ከአኳሪየም የሚተነው ውሃው ብቻ ነው። ጨው አይተንም። ውሃው በጎደለ ቁጥር የቀረው ይበልጥ ጨዋማ ይሆናል፤ እሳት ላይ የቆየ ወጥ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሚነሳው ከዚህች አንድ ነገር ነው።

የባሕር ዓሣ ማርባት የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መብራቱ፣ ስለ ማጣሪያውና ስለ ዓሣው ዓይነት ነው። ትነቱን እንደ ቀላል ነገር ያየዋል። እኔ ግን በየቀኑ ሳይዘነጋ መደረግ ያለበት አንድ ሥራ ምረጥ ብባል ይህንን እመርጣለሁ። የተነነውን ውሃ በጊዜው የመለሰ ሰው ሌላውን ችግር ለማስተካከል ጊዜ ያገኛል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ

የውቅያኖስ ውሃ ጨዋማነት በአማካይ 35 ፒፒቲ ነው። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው አለ ማለት ነው። በስፔሲፊክ ግራቪቲ (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ባለው ክብደት) ሲለካ በ25 ዲግሪ ሙቀት 1.026 ገደማ ይሆናል። ኮራል የሚባለውን የባሕር እንስሳ የሚያሳድግ ሰው የሚፈልገው ቁጥር ይህ ነው።

እንደ ምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው የሚሸጠውን "40 ጋሎን ብሪደር" የሚባል ገንዳ እንውሰድ። ርዝመቱ 91፣ ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር ነው። ቁመቱ አጭር፣ የውሃው ገጽ ሰፊ ነው። ድንጋይና አሸዋ ከገባበት በኋላ 130 ሊትር ውሃ ይዟል እንበል። ቤቱ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድርያ ያለ አፓርትመንት ነው፤ ወሩ ጥር፣ የቤቱ ማሞቂያ ቀን ከሌት ይሠራል። ገንዳው በቀን 3 ሊትር ቢያጣ የሚገርም አይደለም።

35 ላይ የነበረው ውሃ በማግስቱ 35.8 ይሆናል። ምንም ውሃ ሳይጨመርበት ሦስት ቀን ከቆየ 37.6 ይደርሳል። ሳምንት ከሞላው 41.7 ይሆናል። ሰሜናዊው የቀይ ባሕር ጫፍ 41 ገደማ ነው። የዚያ ባሕር ፍጥረታት ግን እዚያው ተወልደው ያደጉ ናቸው። የእናንተ ሽሪምፕ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ነው እዚያ ድረስ የተገፋው።

ዓሣ ለጥቂት ጊዜ ይቋቋማል። የባሕር ዓሣ ውሃ ይጠጣል፤ የተረፈውን ጨው በስንጥቡ በኩል ያስወጣል። ጨዉ ሲበዛበት ሥራው ይከብደዋል እንጂ ወዲያው አይሞትም። ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ፣ የባሕር ኮከብና ኮራል ግን እንዲህ ያለ አቅም የላቸውም ወይም አነስተኛ ነው። በተለይ የባሕር ኮከብና ኮራል ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዙሪያቸው ካለው ውሃ ጋር አብሮ ይለዋወጣል። ስለዚህ ጨዋማነቱ ሲዋዥቅ ቀድመው የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ዓሣው ደህና ስለሆነ ብቻ ውሃው ደህና ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ነገር ላስምርበት። 34 ወይም 36 ላይ ረግቶ የሚኖር ገንዳ ሰኞ 35፣ ሐሙስ 38፣ ዓርብ ደግሞ ተመልሶ 35 ከሚሆን ገንዳ በብዙ ይሻላል። የምንደክመው ለመርጋቱ ነው።

የጨው ውሃ ለምን አይጨመርም?

"የባሕር ውሃ ነው የጎደለው፤ እንግዲያው የባሕር ውሃ እጨምራለሁ" ማለት ለጀማሪ ትክክል ይመስላል። መልሱን ቀይ ባሕር ላይ እናገኘዋለን።

ቀይ ባሕር በዓመት ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ውሃ በትነት ያጣል። ዝናቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ የሚገባበት ትልቅ ወንዝም የለም። የጎደለውን የሚሞላው በባብ ኤል መንደብ በኩል ከኤደን ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ውሃ ነው። እሱም ጨዋማ ነው። ታዲያ ባሕሩ ለምን የጨው ክምር ሆኖ አልቀረም? በዚያው በር፣ ከታች በኩል፣ ይበልጥ ጨዋማና ከባድ የሆነው ውሃ ተመልሶ ስለሚወጣ ነው። መግቢያም መውጫም አለው።

የእኛ ገንዳ መውጫ የለውም። በምሳሌያችን ገንዳ በየቀኑ 3 ሊትር የጨው ውሃ ብንጨምር በየቀኑ 105 ግራም ጨው አስገባን ማለት ነው። በሳምንት ከ700 ግራም በላይ ነው። ገንዳው እስከ መስመሩ ሙሉ ሆኖ እየታየ ጨዋማነቱ ከ40 ያልፋል። ይህ ከጎደለ ገንዳ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም በዓይን አይታይም። አፋር ውስጥ አፍዴራ ላይ ጨው የሚመረተው በዚሁ መንገድ ነው፦ ጨዋማ ውሃ ኩሬ ውስጥ ይለቀቃል፤ ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፤ ጨዉ ይቀራል።

ስለዚህ ደንቡ አጭር ነው። ለተነነው ውሃ ንጹሕ፣ ጨው አልባ ውሃ ይጨመራል። የጨው ውሃ የሚገባው ውሃ ስንቀይር ነው፤ ያኔ አሮጌው ከነጨዉ ስለሚወጣ።

1. መስመር አስምሩ፣ ከዚያ ለኩ

በግምት አትሥሩ። ገንዳውን ሙሉ፤ ጨዋማነቱ 35 መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ የውሃው ልክ ላይ ትንሽ ፕላስተር ለጥፉ ወይም በማርከር አስምሩ። መስመሩ የሚሰመረው ፓምፑ እየሠራ ነው። ፓምፕ ሲቆም የውሃው ከፍታ ይቀየራል።

መስመሩ የት ይሁን? ሳምፕ (ከገንዳው ሥር የሚቀመጥና ውሃው የሚመላለስበት ሁለተኛ ዕቃ) ለሌለው ገንዳ መስታወቱ ላይ ይሁን። ሳምፕ ያለው ገንዳ ግን ሌላ ነው። የላይኛው ገንዳ ውሃው በኦቨርፍሎው (ትርፉ ወደ ሳምፑ በሚወርድበት አፍ) ልክ ስለሚቆም ትነቱ እዚያ አይታይም። የሚጎድለው ውሃውን ወደ ላይ የሚመልሰው መመለሻ ፓምፕ ያለበት የሳምፑ ክፍል ብቻ ነው። መስመሩም እዚያ ይሰመር። ብዙ ሰው የላይኛውን ገንዳ እያየ "ምንም አልጎደለም" ይላል፤ ታች ግን ፓምፑ አየር ሊስብ ተቃርቧል።

ልክ በ24 ሰዓቱ ተመለሱ። በሊትር በተለካ ዕቃ ውሃ እየጨመራችሁ ወደ መስመሩ መልሱት። የጨመራችሁት መጠን የዕለቱ ትነት ነው። አንድ ቀን አይበቃም። ሳምንት ሙሉ መዝግቡና አማካዩን ያዙ።

በሒሳብም ይታወቃል። በሴንቲ ሜትር የተለካውን ርዝመት በወርዱ አባዙና ለ1,000 አካፍሉት፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ጉድለት ስንት ሊትር እንደሆነ ይሰጣችኋል። የምሳሌያችን ገንዳ 91 ሲባዛ በ46 ነው፤ ወደ 4.2 ሊትር ይመጣል። ጣት የማይሞላ ጉድለት ከ4 ሊትር በላይ ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ዓይን የሚያታልለው።

ቁጥሩን በክረምትና በበጋ ለይታችሁ ያዙ። ዋሽንግተን አካባቢ የሐምሌ አየር እርጥብ ነው፤ ትነቱ ይቀንሳል። በጥር ከውጭ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር የያዘው እርጥበት ትንሽ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲሞቅ ደረቅ ይሆንና ከገንዳው ይስባል። ዱባይ፣ ዶሃ ወይም ጅዳ ደግሞ ውጭው እርጥብ ቢሆንም ኤሲው ከቤቱ አየር እርጥበቱን ስለሚያወጣ ትነቱ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። አዲስ አበባ ለሚሞክር ሰው የበጋው አየር ደረቅ፣ ሌሊቱም ቀዝቃዛ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በቀዝቃዛና ደረቅ ክፍል ውስጥ ያለማቋረጥ ይተናል።

2. የምትጨምሩትን ውሃ አዘጋጁ

እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። በቀን 3 ሊትር በዓመት ወደ 1,095 ሊትር ይሆናል። የገንዳውን ውሃ ስምንት ጊዜ መሙላት ነው። ውሃው ይተናል፤ ይዞት የመጣው ነገር ግን ይቀራል። የቧንቧ ውሃችሁ በሊትር 200 ሚሊ ግራም የሟሟ ነገር ካለው በዓመት ወደ 220 ግራም የማታውቁት ነገር ገንዳው ውስጥ ይጠራቀማል። ናይትሬትና ፎስፌት ካለበት አረንጓዴና ቡናማ አልጌ ይወርሳችኋል። ከድሮ የመዳብ ቧንቧ የሚመጣ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕና ለቀንድ አውጣ በጥቂቱም መርዝ ነው።

ክሎሪንን በተመለከተ "ውሃውን አሳድሬዋለሁ" የሚሉ አሉ። ክሎሪን ብቻ ከሆነ ማሳደሩ ይረዳል። ዋሽንግተን ዲሲን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ ከተሞች ግን ውሃቸውን የሚያክሙት በክሎራሚን ነው። እሱ በማሳደር አይጠፋም።

መፍትሔው አርኦዲአይ የሚባለው ማጣሪያ ነው። ውሃው በቆሻሻ ማጣሪያ፣ በከሰል፣ በሜምብሬን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ በሬዚን ያልፋል። ከተማችሁ ክሎራሚን የሚጠቀም ከሆነ ለእሱ የተሠራ የከሰል ማጣሪያ ምረጡ። የወጣውን ውሃ በቲዲኤስ (በውሃው ውስጥ የሟሟ ነገር መጠን) መለኪያ ለኩ። 0 ማንበብ አለበት። ከ0 መውጣት ሲጀምር ሬዚኑ አልቋል፤ ለውጡት። ማጣሪያው ለእያንዳንዱ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሌላ ሁለት ሦስት ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ያስወግዳል። ያንን አትድፉት። ወለል ለመጥረግና አትክልት ለማጠጣት ይሆናል።

ማጣሪያ ለመግዛት አቅም ወይም ቦታ ከሌላችሁ ከሱፐርማርኬት ዲስቲልድ ውሃ ግዙ። ለትንሽ ገንዳ ይበቃል። የታሸገ የመጠጥ ውሃ ግን አይሆንም፤ ማዕድን አለው። እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ደግሞ "የእኛ ውሃ ከባሕር የተጣራ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ። ወደ ቤት ከመላኩ በፊት ማዕድንና ማከሚያ ይጨመርበታል። ቲዲኤሱን ለኩት፤ ቁጥሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ውሃውን ለምግብ በተሠራ ጀሪካን ውስጥ ክዳኑን ዘግታችሁ አስቀምጡ። ጀሪካኑ ከዚህ በፊት ሳሙና ወይም ዘይት ያልያዘ ይሁን። የጨው ውሃ ከምትበጠብጡበት ባልዲ ጋር እንዳይምታታ በትልቁ ጻፉበት።

3. በእጅ የምትሞሉ ከሆነ

በቀን ከአንድ ሁለት ሊትር ለማይበልጥ ትነት እጅ ይበቃል። ቁም ነገሩ ሰዓት ማክበር ነው። ጠዋት ግማሹን፣ ማታ ግማሹን መጨመር በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይሻላል። ቀስ ብላችሁ፣ ውሃው በኃይል በሚዞርበት ቦታ አፍስሱ። ሳምፕ ካለ እዚያ ይሁን። ንጹሕ ውሃ ከጨው ውሃ ስለሚቀል ሳይቀላቀል ከላይ ሊንሳፈፍ ይችላል። በፍጹም ኮራል ላይ በቀጥታ አታፍስሱ።

ፓምፑ ቆሞ ሳለ አትሙሉ። መብራት ሲጠፋ የላይኛው ገንዳ ውሃ በከፊል ወደ ሳምፑ ይወርዳል፤ ልኩም የተሳሳተ ነው። መብራቱ ተመልሶ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁና ከዚያ መስመሩን ተመልከቱ።

ውሃ ለመቀየር ስትነሱም ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ የተነነውን በንጹሕ ውሃ ሙሉ። ትንሽ ይቀላቀል። ከዚያ አሮጌውን ቅዱና በዚያው ልክ አዲስ የጨው ውሃ መልሱ። ይህን ያላደረገ ሰው የጎደለውን ጭምር በጨው ውሃ ይሞላዋል። ጨዋማነታቸው በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የሚጨምር ገንዳዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይህች ናት።

4. አውቶማቲክ መሙያ

ትነቱ በቀን ከ2 ሊትር ካለፈ፣ ወይም ኮራል የምታሳድጉ ከሆነ፣ ኤቲኦ የሚባለውን አውቶማቲክ መሙያ ግዙ። ከውድ መብራት በፊት ይህን ብትገዙ እመክራለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ሴንሰር የውሃውን ልክ ይጠብቃል፤ ውሃው ትንሽ ሲጎድል ትንሽ ፓምፕ ከጀሪካን ንጹሕ ውሃ ያመጣል፤ ልኩ ሲደርስ ይቆማል። በቀን ብዙ ጊዜ በትንሽ በትንሹ ስለሚሞላ ጨዋማነቱ ንቅንቅ አይልም።

ሴንሰሩ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተንሳፋፊ ነው፤ ሮቶ ውስጥ ያለው ዓይነት፣ ግን ትንሽ። ሌላው በብርሃን የሚሠራ፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ነው። ተንሳፋፊው ርካሽ ነው፤ ቀንድ አውጣ ከወጣበት ወይም ጨው ከያዘው ግን ይጣበቃል። በብርሃን የሚሠራው ደግሞ አልጌ ሲሸፍነው ይሳሳታል። ጥሩው መሣሪያ ሁለት ሴንሰር ያለው ነው፦ አንዱ ለመደበኛው ልክ፣ ሁለተኛው ከፍ ብሎ "በቃ" የሚል። በተጨማሪ ፓምፑ ከተወሰነ ደቂቃ በላይ ከሠራ የሚያጠፋው ካለ ይመረጣል።

ሴንሰሩን መመለሻ ፓምፑ ባለበት የሳምፕ ክፍል ውስጥ አድርጉት። ሌላው ክፍል ውስጥ ከሆነ ትነቱን አያየውም።

አሁን ወደ ዋናው አደጋ። ሴንሰሩ ቢበላሽና ጀሪካኑ ሙሉ በሙሉ ቢፈስስ ምን ይሆናል? መሣሪያውን ከመግጠማችሁ በፊት አስሉት። 130 ሊትር ላይ 10 ሊትር ንጹሕ ውሃ ቢደፋ ጨዋማነቱ ከ35 ወደ 32.5 ይወርዳል። ያስደነግጣል፤ ግን ብዙው ነገር ይተርፋል። 20 ሊትር ቢደፋ 30.3 ይሆናል። ያ ለኮራልና ለባሕር ኮከብ ከባድ ነው። ስለዚህ መሣሪያውን እስክታምኑት ድረስ 10 ሊትር ብቻ የሚይዝ ዕቃ ተጠቀሙ። በየሦስት ቀኑ መሙላቱ ይሰለቻል፤ ግን ያንን መርጫለሁ። ሳምፑም ያ ሁሉ ውሃ ቢመጣበት የሚይዝበት ባዶ ቦታ ይኑረው። አለዚያ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣሪያው ሲንጠባጠብ ያገኘዋል።

ሁለተኛው አደጋ ጎማው ነው። ጀሪካኑ ከፍ ብሎ ከተቀመጠና የጎማው ጫፍ ከጀሪካኑ ውሃ በታች ከዋለ ፓምፑ ቢቆምም ውሃው በራሱ መፍሰሱን ይቀጥላል። በተቃራኒው ጀሪካኑ ዝቅ ብሎ የጎማው ጫፍ ሳምፑ ውሃ ውስጥ ከተነከረ የጨው ውሃ ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። ሁለቱንም የሚከላከለው አንድ ነገር ነው፦ ጀሪካኑን ዝቅ አድርጉ፤ የጎማውን ጫፍ ከሳምፑ ውሃም፣ ከጀሪካኑ ውሃም በላይ እሰሩት። ከዚያ ሞክሩት። ሴንሰሩን ከውሃው አውጡና ፓምፑ እንዲነሳ አድርጉ፤ መልሱትና ሲቆም እዩ። ከቆመ በኋላ አሥር ደቂቃ ቁሙና ጠብታ እንኳ እንደማይመጣ አረጋግጡ።

ሴንሰሩንና ትንሹን ፓምፕ በየወሩ በአቼቶና በውሃ ዘፍዝፋችሁ አጽዱ፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። በሚሞላው ውሃ ውስጥ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚጨምሩ ልምድ ያላቸው ሰዎች አሉ። ለኮራል ይጠቅማል። ነገር ግን የዚያ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ12 በላይ ነው፤ መሣሪያው ተበላሽቶ ቢደፋ ገንዳውን ይገድላል። ለጀማሪ አልመክርም።

5. ትነቱን መቀነስ ይገባል?

ሁልጊዜ አይደለም። ትነት ገንዳውን ያቀዘቅዛል። አንድ ሊትር ውሃ ሲተን ወደ 2.4 ሜጋጁል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በቀን 3 ሊትር ማለት ወደ 2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። በሙቀት ወራት ይህ ነጻ ማቀዝቀዣ ነው። በውሃው ገጽ ላይ የሚነፍስ ትንሽ ፋን ገንዳውን ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊያወርደው ይችላል፤ ውሃው ግን በዚያው ልክ ቶሎ ይጎድላል። ፋን ስትከፍቱ የሚጨመረውን ውሃ አብራችሁ አስቡ። በብርድ ወራት ግን ያንን ሙቀት የሚመልሰው የገንዳው ማሞቂያ ነው፤ የምትከፍሉትም እናንተ ናችሁ።

ለመቀነስ ከፈለጋችሁ ከሳምፑ ጀምሩ። ሳምፑን በከፊል መክደን ብዙም ጉዳት የለውም። የላይኛውን ገንዳ በመስታወት ጥርቅም አድርጎ መክደን ግን አይመከርም። አየር አይለዋወጥም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፒኤች ይወርዳል። መስታወቱም ጨው ይዞ ብርሃኑን ይጋርዳል። እኔ የምመርጠው ጥልፍልፍ መረብ ነው። ትነቱን አያቆምም፤ ዓሣው ግን ዘልሎ ወለል ላይ አይሞትም፤ አየሩም ይለዋወጣል። የፋኑን፣ የኤሲውንና የቤት ማሞቂያውን አየር አቅጣጫ ከገንዳው ማዞርም ያለ ምንም ወጪ ልዩነት ያመጣል።

የተነነው ውሃ የትም አልጠፋም፤ ቤታችሁ ውስጥ ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ ትልቅ ገንዳ ካለ መስኮቱ ያልበዋል፤ ግድግዳው ሻጋታ ሊይዝ ይችላል። አልፎ አልፎ መስኮት ክፈቱ።

6. ጨዋማነቱን በትክክል ለኩ

ለዚህ ሪፍራክቶሜትር (ከጠብታ ውሃ ጨዋማነትን በብርሃን የሚያነብ መሣሪያ) ግዙ። ባለ መርፌው የፕላስቲክ ሃይድሮሜትር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ትንሽ የአየር አረፋ መርፌው ላይ ከተጣበቀ ውሸት ይናገራል። ሪፍራክቶሜትሩን ለዚሁ በተዘጋጀ የ35 ፒፒቲ ፈሳሽ አስተካክሉት። በንጹሕ ውሃ 0 ላይ ማስተካከል ብቻውን በቂ አይደለም፤ 0 ላይ ልክ ሆኖ 35 ላይ ሊስት ይችላል።

ናሙናውን የምትወስዱት ውሃው እስከ መስመሩ ከሞላና ከተቀላቀለ በኋላ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይበቃል። ባሕረ ሰላጤው አገር ሆናችሁ የባሕር ውሃ ከዳር ቀድታችሁ የምትጠቀሙ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ለኩት። የዚያ አካባቢ ባሕር ከውቅያኖሱ አማካይ ይበልጥ ጨዋማ ነው።

7. ጨዋማነቱ ከፍ ብሎ ካገኛችሁት

አትደንግጡ፤ አትቸኩሉም፦ በቀስታ አውርዱት። ከፍ ያለው በቀናት ውስጥ ነው፤ የሚወርደውም በቀናት ይሁን። በቀን ከ1 ፒፒቲ በላይ አታውርዱት። ገንዳው ጎድሎ ከሆነ የጎደለውን ንጹሕ ውሃ ከፋፍላችሁ በቀናት ውስጥ መልሱ። ፓምፑ አየር እየሳበ ከሆነ ግን አየር መሳቡን እስኪያቆም ድረስ መጀመሪያ ጨምሩ።

ገንዳው ሙሉ ሆኖ ጨዋማነቱ ከፍ ካለ ትንሽ የገንዳ ውሃ አውጥታችሁ በንጹሕ ውሃ ትተካላችሁ። ስንት ሊትር? የውሃውን መጠን ለአሁኑ ጨዋማነት አካፍሉት። 130 ሊትር 38 ላይ ከሆነ 130 ሲካፈል ለ38 ወደ 3.4 ሊትር ነው። ይህን ያህል አውጥታችሁ ስትተኩ 37 ላይ ያርፋል። በማግስቱ እንደገና።

ዝቅ ብሎ ካገኛችሁት ምክንያቱ ሌላ ነው። ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) ብዙ ውሃ እያወጣ ነው፣ የሆነ ቦታ ያፈስሳል፣ ወይም ለቅያሪ የበጠበጣችሁት ውሃ ጨው አንሶታል። ያኔ ብቻ ለጥቂት ቀን የተነነውን በጨው ውሃ ተኩ። ልኩ ሲደርስ አቁሙ።

8. የጨው ቅርፊትና ኤሌክትሪክ

በገንዳው ጠርዝ፣ በጎማው መገጣጠሚያና በሽቦው ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የሚረጨው ጠብታ ደርቆ ጨዉ ሲቀር ነው። በንጹሕ ውሃ በረጠበ ጨርቅ በየሳምንቱ ጥረጉት። ፍርፋሪው ኮራል ላይ እንዳይወድቅ። በሽቦ ላይ እየሄደ ሶኬት ጋ ከደረሰ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። እያንዳንዱ ሽቦ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታጠፍ፤ ጠብታው እዚያ ይወድቃል። ሶኬቱም ኃይል ሲያመልጥ ወዲያው የሚያቋርጠው ዓይነት፣ አሜሪካ ጂኤፍሲአይ የሚባለው ይሁን።

9. ከቤት ስትርቁ

ለአንድ ወር ሀገር ቤት የምትሄዱ ከሆነ ዝግጅቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ኤቲኦውን አጽዱ፤ የሳምንቱን ትነት እንደገና ለኩ። የሚያስፈልገውን ውሃ በሙሉ አጣርታችሁ በትናንሽ ጀሪካን አስቀምጡ፤ በየአንዳንዱ ላይ ቀን ጻፉበት። ገንዳውን የሚያይላችሁ ጎረቤት ወይም ዘመድ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ፊታችሁ ይሙላ። መስመሩን በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ምግቡንም በየቀኑ ልክ በትንንሽ ፌስታል አድርጉለት፤ ለዓሣ ያዘነ እንግዳ አብዝቶ ይሰጣል። ሦስት ነገር ብቻ ንገሩት፦ ፓምፑ እየሠራ ሙላ፣ ከመስመሩ አታሳልፍ፣ የቧንቧ ውሃ አትጨምር። ያዘጋጃችሁት ውሃ ካለቀ ከሱፐርማርኬት ዲስቲልድ ውሃ እንዲገዛ ገንዘቡን ከጀሪካኖቹ አጠገብ አስቀምጡለት።